የክላይቭ ባዶ ባልዲ

በታርኖክ ክሪክ ስለ ድሮ ሳንቲም ፍለጋ ከክላይቭ ፐርቴል የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የተናገረው ራሱ ክላይቭ ነው፤ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ሌላው ቀርቶ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ። ችግሩ ሳንቲሞቹ ይህን አለመስማታቸው ነበር። እሱ ሲያልፍ መሬት ውስጥ ጸጥ ብለው ይተኛሉ፤ እሱ ካለፈ በኋላ ለሌላ ሰው ብቅ ይላሉ። ክላይቭ ነገሩን «ዕድል» ይለዋል። ሚስቱ ኖሊን ለነገሩ ሌላ ስም አላት፤ እዚህ አይጻፍም እንጂ።

ክላይቭ ዕድሜውን የወረዳውን ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በዚያ አካባቢ እሱ ያልላገው ጠጠር መንገድ የለም። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ ይኸውም ቀኑ እንዴት እንደማያልቅ ቁጭ ብሎ እንዲያየው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ኖሊንን ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ሲያስተምራት ቆየ። በሦስተኛው ወር ኖሊን በንጹሕ ፍቅር ተነሣሥታ ብረት የሚፈልግ ማሽን ገዛችለት። ካርዱ ላይ «መልካም ጡረታ» ብላ ጻፈች። ልቧ ውስጥ የነበረው ግን «ከቤት ውጣልኝ» ነው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ማሽን አንድ ቁልፍ ብቻ ነበራት፤ ክላይቭ ናቃት። ብዙ ሳይቆይ በሌላ ቀየራት። አዲሷ ስክሪን አላት፣ ቁጥር አላት፣ ቀለም አላት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማጣሪያ አላት። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ሚስማርን አትሰማም። ሌላውን ሲጫኑት ቆርኪን አትሰማም። ሦስተኛው፣ ከድሮ የቢራ ቆርቆሮ አናት እየተነቀለ የሚጣለውን የአሉሚኒየም ቀለበት ዝም ያሰኛል። ክላይቭ ሁሉንም ተጫናቸው። ከዚያ በኋላ ማሽኗ የምትጮኸው ለአንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ትልቅ፣ ንጹሕ፣ ጀርባው ላይ ተዘርግቶ የተኛ የብር ሳንቲም ሲገኝ። እንዲህ ያለውን ደግሞ የአገሩ ሰው ክላይቭ ገና ግሬደር ላይ ሳለ ለቅሞ ጨርሶታል።

አካሄዱም የግሬደር ነበር። ከአጥር እስከ አጥር ቀጥ ብሎ ይነጉዳል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይነጉዳል። መሬቱን ጠጋ ብሎ መዳሰስ ያለበት የማሽኑ ሳህን ጉልበቱ ላይ እየተንጠለጠለ እንደ ማጭድ ይወዛወዛል። አንድ ሰፊ መስክ ከቁርስ እስከ ሻይ ሰዓት ይጨርስና «ይሄ ባዶ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ሽልንግ ያወጣል።

*

ያ ሌላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቱየት ናት፣ ባለ ዳቦ ቤቷ። በከተማው የድሮ ዕቃ ፈላጊዎች ማኅበር ውስጥ ከክላይቭ ቀጥላ የገባችው እሷ ስትሆን፣ ክላይቭ የናቃትን ባለ አንድ ቁልፍ ማሽን የገዛችውም እሷው ናት። ይህ ክላይቭን ትንሽ ያሳክከው ነበር።

ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከእግር ኳስ ሜዳው ጀርባ ቋሊማ ይጠበሳል፤ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። ያገኘው ቁም ነገር ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ቆፍሮ ያወጣው ቆሻሻ ደግሞ በባልዲ ይመጣና ሚዛን ላይ ይወጣል። ሽልማቱ፣ ማለትም በላስቲክ የተሸፈነው ትልቁ የሥጋ ትሪ፣ የሚሄደው ሳንቲም ላገኘው አይደለም፤ ባልዲው ለከበደው ነው። እንግዳ ሰው ይስቅ ይሆናል። ግን ገበሬ መሬቱን የሚፈቅደው ለድሮ ሳንቲም ፍቅር ብሎ አይደለም፤ በጉ የሚረግጠው ቆርቆሮ ስለሚነሣለት ነው። ቆሻሻው ኪራዩ ነው።

የክላይቭ ባልዲ ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው መርፌዋ ንቅንቅ አትልም። ክላይቭም ደረቱን ነፍቶ፣ «የኔ ማሽን ቆሻሻ አታወጣም» ይላል።

«ሳንቲምስ?» ትለዋለች ቱየት።

«ሳንቲም ቢኖር ኖሮ ታወጣ ነበር።»

«ፍሪጄ ሥጋ መያዝ አቅቶታል፣ ክላይቭ። ከዚህኛው ትሪ ጥብስ ልሰጥህ?»

እውነቱን ለመናገር የክላይቭ ማሽን ቆሻሻ ታወጣ ነበር። የትኛውም ማጣሪያ ቢሆን አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ክላይቭ ቆፍሮ ቀለበት ሲያገኝ ይሳደብና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ ይጥለዋል፤ በላዩ የሚንት ከረሜላውን ወረቀት ጣል ያደርግበታል፤ አፈሩን ይመልስና በጫማው ደልድሎ ይሄዳል። በወሩ ተመልሶ ሲመጣ ማሽኗ እዚያው ቦታ ትጮኻለች። ክላይቭ ይቆፍራል፤ ያንኑ ቀለበት ያገኛል። ይሳደባል፤ ይመልሰዋል። ከአንዳንዱ ቀለበት ጋር እንዲህ እየተገናኙ ዓመታት አሳልፈዋል፤ ሰላምታ መለዋወጥ ብቻ ነበር የቀራቸው።

*

ማኅበሩ ካሉት መስኮች ሁሉ የሚሳሳው ለወይዘሮ ዶት ማካስኪል መስክ ነበር። ሌላው ቦታ ወይ መንግሥት አጥሮታል፣ ወይ ሰው ሁሉ ረግጦት ከሚስማር በቀር የተረፈው የለም። የዶት መስክ ላይ ግን በወርቅ ቁፋሮው ዘመን የሠረገላ ፈረስ የሚቀየርበት መጠጥ ቤት ነበር። ቤቱ ድሮ ተቃጥሎ ዛሬ የቀረው የጭስ ማውጫው ድንጋይና አንድ ሽማግሌ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ነው። በዚያ አገር ባዶ ሜዳ መካከል ቁንዶ በርበሬ ካዩ፣ ሥሩ ሰው ኖሮበታል ማለት ነው። ከቃጠሎው ብዙ ቆይቶ ደግሞ የእግር ኳስ ክለቡ እዚያው ጥላ ሥር በየዓመቱ ሽርሽር ያደርግ ነበርና፣ የወርቅ ቆፋሪው ሽልንግና የኳስ ተጫዋቹ ቢራ አንድ አፈር ውስጥ ተቀላቅለዋል።

ዶት ሰማንያን አልፈዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ አጥር በራሳቸው እጅ የሚያጥሩ ሴት ናቸው። ለማኅበሩ ሲፈቅዱ የመስኩ በር አግዳሚ ላይ ሆነው የእያንዳንዱን ሰው እጅ ጨብጠው ነበር፤ ውሉም ይህ ነው። ጉድጓድ ይደፈን። የወጣ ነገር ሁሉ ከመስኩ በር ውጭ ይሂድ። ወርቅ ከተገኘ እኩል። ጽሑፍ የለም፤ የዶትን እጅ ጨብጦ የከዳ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ታርኖክ ክሪክ ውስጥ ላም እንኳ አትሸኘውም።

በሐምሌ የመጀመሪያ እሑድ ቋሊማው እየተጠበሰ ሳለ የዶት አሮጌ ፒክአፕ መጣች። ዶት ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ወረዱ፤ ሰላም ለማንም ሳይሉ ጆንያውን ሳንቲሞቹ የተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። የዛገ ቆርቆሮ፣ ቆርኪ፣ ቀለበት፣ ምላስ የመሰለ የሰርዲን ጣሳ ክዳን።

«የማነው ይሄ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ቋሊማውን እንደያዘ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«አንዷ በጌ እያነከሰች ነው። ይሄን ከሰኮናዋ ውስጥ ነው ያወጣሁት» ብለው ክዳኑን አነሡት። «ከየት መጣ ብዬ ብሄድ ጉድጓድ። አሳምሮ የተደፈነ፣ በጫማ የተደለደለ ጉድጓድ። ብከፍተው ይሄ። አጠገቡ ሌላ፤ ብከፍተው ይሄ።»

«የድሮ ቆሻሻ ይሆናላ» አለ አንድ ሰው። ክላይቭ ነበር።

«የድሮ?» ዶት ከኮታቸው ኪስ አንዲት አረንጓዴ ወረቀት አውጥተው በጣታቸው አቃኗት። «የሠረገላ ነጂዎቹ የሚንት ከረሜላ ይበሉ ነበር እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ ክላይቭ ዞረ። የክላይቭ ግራ ጉንጭ እብጥ ብሏል። ከረሜላዋን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ጉንጩ አሸጋገራት። ይህም አልጠቀመም፤ ሳያኝክ ዋጣት።

«ቅዳሜ ከሰዓት በጎቼን መልሼ አስገባለሁ፤ ሊወልዱ ደርሰዋል» አሉ ዶት። «እስከዚያ ይሄ ሰውዬ መስኩን ያጽዳ። ከቁንዶ በርበሬው እስከ አጥሩ። ብቻውን። ቅዳሜ አንዲት ቆርኪ ከተገኘች በሩን በሰንሰለት ነው የምዘጋው። ለእሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሁላችሁም።»

ይህን ብለው ዳቦ ውስጥ ቋሊማ አስገቡ፣ ሽንኩርት ጨመሩበት፣ ይዘውት ሄዱ።

ሊቀመንበሩ ዴዝሞንድ ረጅም ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲበዛ ጨዋ ሰው ስለሆነ የሚሳደበው በጉሮሮው ነው። በመጨረሻ፣ «ክላይቭ ወዳጄ፣ መቼም አዋቂው አንተ ነህ» አለ። ይህን ቃል ሲሰማ ክላይቭ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላለውም።

ቱየት ባዶ ባልዲውን አንሥታ እጁ ላይ አንጠለጠለችለት። «ይሄን አትርሳ» አለችው።

*

«እንግዲህ በሩ ከተዘጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ልትውል ነው?» አለች ኖሊን በዚያው ዕለት፤ ድምፅዋ ውስጥ እውነተኛ ሥጋት ነበር።

«ቤት።»

ኖሊን ኩሽናዋን ዞራ አየችው። ሽንኩርቱን አየችው። «ነገ በጠዋት ትሄዳለህ» አለችው።

ክላይቭም ይህን በደንብ ያውቀዋል። ግሬደሩን ካስረከበ ወዲህ ሰው «ክላይቭ መጣ» የሚለው በዚያ ማኅበር ውስጥ ብቻ ነው። እያሾፉበትም ቢሆን ይጠብቁታል። በሩ በእሱ ምክንያት ከተዘጋ የሚያሾፍበት እንኳ አይኖርም፤ ዝም ነው የሚሉት። ይህንን እያሰበ ሲገላበጥ አደረ፤ ጠዋት ግን እንደ ልማዱ ሁሉን አዋቂ ሆኖ ተነሣ።

ሰኞ ውርጭ ነበር፤ በዚያ አገር የሐምሌ ክረምት ብርድ ነው። ክላይቭ ማሽኗን አስነሣ፣ ከቁንዶ በርበሬው እስከ አጥሩ ነጎደ፣ ተመለሰ፣ ነጎደ። ማሽኗ ትንፍሽ አላለችም። ለቁርስ ሰዓት ገና ሳይረፍድ ጨርሶ የራሱ ፒክአፕ ላይ ተቀመጠ። ኖሊን በፎይል የተጠቀለለ የሥጋ ፓይ ይዛ ስትመጣ እግሩን ሰቅሎ አገኘችው።

«አለቀ» አላት። «ንጹሕ ነው። ዶት አጋነኑት።»

ኖሊን አጥር ዘላ ገባች። የጫማዋን አፍንጫ ሣሩ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው ቆርኪ ወጣ። ሁለተኛ ሳበችው፤ ቀለበት።

«ማሽንህ ታማለች ወይስ አንተ?»

«ማጣሪያው ነዋ! ቆሻሻ አያሰማም፣ ለዚያ እኮ ነው የተገዛው።»

«የመጣኸው ደግሞ ቆሻሻ ልታነሣ።»

ክላይቭ የፓይውን ፎይል መፍታት ጀመረ።

«አጥፋዋ ማጣሪያውን» አለችው።

«ካጠፋሁት ጆሮዬ ይፈነዳል።»

«ይፈንዳ። እስካሁንም ብዙ አልተጠቀምክበትም።»

ኖሊን እስክትሄድ ጠበቀ፤ ሚስት እያየች መታዘዝ ነውር ነውና። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ መስኩ በሙሉ ጮኸበት። ሚስማሩ ይንጫረራል፣ ቆርኪው ያስነጥሳል፣ ቀለበቱ ያፏጫል። የዓመታት ዝምታ ባንድ ጊዜ ተናገረ። ክላይቭ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ማንም አልነበረም።

እንዲህ እየተጮኸ መንጎድ የሚባል ነገር የለም። አንድ ክንድ ሳይራመድ መቆም፣ ተንበርክኮ መቆፈር፣ ባልዲው ውስጥ መጣል፣ መድፈን። ሳህኑን ከፍ ካደረገው ድምፁ ሁሉ ይደባለቅበታል፤ ስለዚህ ሣሩን እስኪልስ ዝቅ አደረገው። በችኮላ ካወዛወዘው የቱ ከየት እንደጮኸ አይለይም፤ ስለዚህ ጨቅላ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አደረገው። የትኛውን እንዳጸዳ ሲጠፋበት ጊዜ ከፒክአፑ ሲባጎ አውጥቶ ካስማ ተክሎ መስኩን በቀጭን በቀጭኑ ከፋፈለ፤ አንዱን መስመር ሲጨርስ ቀጣዩን የፊተኛውን ዳር እየነካ ጀመረ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላም አንድ ጊዜ ደግሞ ሳህኑን ያሳልፍበታል፤ አንዱ ቆሻሻ ሥር ሌላ ይኖራልና፣ የዶት ዓይን ደግሞ አይምርም። ይህን ሁሉ ያደረገው ሳንቲም ለማግኘት አልነበረም። ሳንቲሙን ፈጽሞ ረስቶታል። ለቆሻሻ ብሎ ነው ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የፈለገው።

ብዙውም ወዳጆቹ ነበሩ። አንዱ ጉድጓድ ተከፍቶ ቀለበት፣ በቀለበቱ ላይ አረንጓዴ ወረቀት። ሌላው ተከፍቶ እንዲሁ። አንዱ ላይ ወረቀቱ ነጭ ነበር፤ ያ ፋብሪካው መጠቅለያውን ከመቀየሩ በፊት የነበረው ነው። ክላይቭ ወረቀቱን ይዞ ትንሽ ቆየ። በዚያ ዓመት ጉልበቱ አያመውም ነበር።

ማክሰኞ ዝናብ ዘነበ፣ አፈሩ ራሰ፣ ድምፁ ጠራ። ረቡዕ ከቁንዶ በርበሬው ሥር የሚስማር ክምር አገኘ፤ የተቃጠለው ቤት ወለል ሳይሆን አይቀርም። ሚስማር በሚስማር ላይ። አንዱን አወጣ፤ ሁለተኛውን አወጣ፤ ሳህኑን ሲያሳልፍ ከሥር ሌላ ድምፅ፣ ክብ ያለ፣ የሚጣፍጥ ድምፅ መጣ። እጁን ሰደደ። ጥቁር፣ ስስ፣ ከጥፍሩ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። በምራቁ ሲነካው የንግሥቲቱ አፍንጫ ብቅ አለች። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የብር ሳንቲም፣ ሦስት ፔንስ።

ክላይቭ ተንበርክኮ ቀረ። እዚያ ቁንዶ በርበሬ ሥር ስንት ጊዜ አልፏል! ማሽኗን «ሚስማር አትስሚ» ብሏት ነበርና፣ ሚስማሩ አቅፎት የተኛውንም ብር አብራ አልሰማችም። ታዛዥ ማሽን ነበረች፤ ጥፋቷ እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ አንድ ሽልንግ ወጣ። ዓርብ ሁለት ፔኒ፤ አንደኛው ላይ ሰው በሚስማር ስሙን ጭሮበታል። ክላይቭ ለማንም አልደወለም። ኖሊን ማታ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይታ ግንባሩን በመዳፏ ነካችው።

«ትኩሳት የለህም» አለች።

«ኖሊን፣ ከሽንኩርቱ በፊት ዘይቱ ይሙቅ ያልኩሽ...»

«እ?»

«አንቺ እንደምትሠሪው ይሻላል።»

ኖሊን ግንባሩን ደግማ ነካችው።

*

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የቀረው አጥሩ ሥር ያለው የመጨረሻ መስመር ብቻ ነበር። ከበሩ ማዶ በጎቹ ተሰብስበው ይጮኻሉ። የዶት ፒክአፕ አቧራ ከሩቅ ይታያል። የክላይቭ ጉልበት ከእንግዲህ አልታጠፍም ብሏል፤ ባልዲዎቹ ሞልተው ፒክአፑ ላይ ተሰልፈዋል። የመጨረሻዋ ክንድ ላይ ማሽኗ አፏጨች።

ያንን ፉጨት ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሰማው ፉጨት ነው። ስክሪኑም ያንኑ ቁጥር አሳየው።

«ቀለበት ነው» አለ ለበጎቹ። «በፈጠራችሁ፣ ቀለበት ነው።»

በጎቹ አስተያየት አልሰጡም። ትቶት ቢሄድ ማን ያየዋል? አንዲት ቀለበት እኮ ናት፤ ለዚያውም ጥልቅ፣ በግ የማይደርስባት። ክላይቭ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ ሰንሰለቱ ታየው፤ ዴዝሞንድ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማው። ተመለሰ። አንደኛውን ጉልበቱን አጠፈ፣ ሌላውን በእጁ ጎትቶ አጠፈ፣ ቆፈረ።

ወርቅ አይዝግም፤ አይጠቁርም፤ አፈር ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ተኝቶ ትናንት የጣሉት መስሎ ይወጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ቢጫ ነገር ዓይኑን ጠቀሰችው። ግማሽ ሶቨሪን የሚባለው የድሮ የወርቅ ሳንቲም፤ የወርቅ ቆፋሪ ኪስ ውስጥ የነበረች፣ አንድ ማታ ከመጠጥ ቤቱ ሲወጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ቀበቶውን ሲፈታ የወደቀች ሳትሆን አትቀርም። ትንሽ ወርቅና የቢራ ቀለበት ለማሽን ጆሮ መንትያ ናቸው። ክላይቭ ያን ሁሉ ዓመት ቀለበቱን ዝም ሲያሰኝ፣ ወርቁንም አብሮ ዝም በል ሲለው ነበር።

ኪሱ ቅርብ ነበረች። ዶት ገና ሩቅ ነበሩ። ወርቅ ከተገኘ እኩል ነው፤ ማን አገኘ ሊል ነው? እዚህ ላይ የክላይቭን ጨዋነት አንሥቶ ማመስገን በተቻለ ነበር። ግን ያዳነው ጨዋነቱ አይደለም። ክላይቭ ፐርቴል ወርቅ አግኝቶ ለሰው ሳይናገር መኖር? ከዚያ ቢሞት ይቀለዋል። አፉን ከፈተና ጮኸ፤ ባሕር ዛፉ ላይ የነበሩት ነጫጭ በቀቀኖች እየተንጫጩ ተነሡ፣ በጎቹም ካንዱ አጥር ወደ ሌላው ሮጡ።

ዶት በሩ ላይ ሲደርሱ ዴዝሞንድና ቱየት ማሽናቸውን ይዘው ከኋላቸው ነበሩ።

«ምን ሆነህ ነው በጎቼን የምታስወርድብኝ?»

«ወርቅ!» አለ ክላይቭ እጁን ዘርግቶ። «ወርቅ ነው፣ ወይዘሮ ዶት! ግማሹ የእርስዎ ነው!»

ዶት ወርቁን አላዩትም። «መጀመሪያ ቆርኪው» አሉ።

ዴዝሞንድ ማዳመጫውን አደረገና በሲባጎዎቹ መካከል ተጓዘ። ዶት እግር በእግር ተከተሉት። አንደኛው መስመር ዝም፣ ሁለተኛው ዝም። ክላይቭ ከረሜላ ከኪሱ አወጣ፤ ወረቀቷን አያት፤ መልሶ ከተታት። መካከል ላይ ሲደርሱ የዴዝሞንድ ማሽን ጮኸች። ሁሉም ቆመ። ዶት ክላይቭን ዞረው አዩት፤ ክላይቭ ሰማዩን።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ዴዝሞንድ ጉሮሮውን እየጠረገ፤ ሳህኑን ወደ ግራ ሲያደርገው ጸጥ፣ ወደ ቀኝ ሲያደርገው ጩኸት። ወደ ቀኝ የነበረው የዶት እግር ነው። የሥራ ጫማቸው አፍንጫ ብረት አለው።

«ወይዘሮ ዶት፣ ብረት ሁሉ ከበሩ ይውጣ ብለዋል፤ እርስዎንም እናስወጣዎት?» አለች ቱየት።

ዶት ሲስቁ ያየ ሰው በታርኖክ ክሪክ ጥቂት ነው፤ በዚያ ቀን ሦስት ሰው ተጨመረበት። ከዚያ በሩን ከፈቱ፤ በጎቹ ገቡ። እያነከሰች የነበረችው በግ መጨረሻ ገባች፤ ቆም ብላ ክላይቭን አየችው፤ አለፈች።

*

ወርቁ ለሁለት አይቆረጥም። ክላይቭ አይሸጥም አለ፤ ዶትም አይሸጥም አሉ። የፒክአፑ ክዳን ላይ አስቀምጠውት ሲያዩት ሲያዩት ቆዩና ዶት ፈረዱ።

«ክረምት ክረምት እኔ ጋ፤ በጋ በጋ አንተ ጋ። ክረምቱ ሲያልቅ ይቺው በር ላይ መጥተህ ትረከባለህ፤ በጋው ሲያልቅ መጥተህ ታስረክባለህ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምንድን ነው?»

«ክረምት ነው» አለ ክላይቭ ዓይኑን ከወርቁ ሳይነቅል።

«ጎሽ» ብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። ያቺ አረንጓዴ ወረቀት የነበረችበት ኪስ ውስጥ። «በል፣ ተራህ ሲደርስ ልታሸው አይደል? አይታሽም። ጭረት ታስቀርበታለህ።»

«እኔ መቼ ሳንቲም አሽቼ አውቃለሁ?» አለ ክላይቭ። ሦስት ፔንሷ ላይ ያለችው የንግሥቲቱ አፍንጫ ግን ከረቡዕ ወዲህ ታሽታ ትንሽ አጥራ ነበር።

በነሐሴ የመጀመሪያ እሑድ የክላይቭ ባልዲዎች ሚዛን ላይ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ቱየት ከሥጋ ትሪው ተለየች። ክላይቭ ትሪውን ታቅፎ ማንም ሳይጠይቀው ንግግር አደረገ። ቀስ ማለት ያስፈልጋል አለ። ሳህኑ መሬቱን ይላስ። ቀለበት ያልቆፈረ ወርቅ አያገኝም። ይህን ሁልጊዜ ስነግራችሁ ነበር፣ የሚሰማ ጠፋ እንጂ፤ ማጣሪያ የሚባለው ነገር ለሰነፍ ነው።

«ማጣሪያ አትጠቀምም ነበር እንዴ?» አለች ቱየት።

«እኔ? ማጣሪያ?» ክላይቭ ከልቡ ተገረመ። ከረሜላ ላጠ፤ ወደ አፉ ወረወራት፤ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ዘጋባት።

ኖሊን ከትሪው ላይ የጎድን ጥብሱን እያየች ነበር። ማታ እሷ ስትጠብሰው ክላይቭ ኩሽናው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ዘይቱን አየ። ሽንኩርቱን አየ። አፉን ከፈተ።

«በጋ መቼ ነው የሚገባው?» አላት።